የካሪን ፖልዋርት የረግረግ አልበም፦ የሃያስያን አድናቆት ከየት ይመጣል? ምንስ ይለካል?

ስኮትላንዳዊቷ የፎክ ድምፃዊትና የዜማ ደራሲ ካሪን ፖልዋርት ከድምፅ አቀናባሪዋ ከፒፓ መርፊ ጋር ያዘጋጀችውን «ኤ ፖኬት ኦቭ ዊንድ ሪዚስታንስ» የተሰኘ አልበም በኖቬምበር 2017 ስታወጣ፣ ከብሪታንያ ሃያስያን የገጠማት አቀባበል እጅግ የሞቀ ነበር። በተከታዩ ዓመት በኤፕሪል ወር ቤልፋስት ላይ በተካሄደው የቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የፎክ ዘፋኝ ተብላ ተሸለመች። አልበሙም ለዓመቱ ምርጥ አልበም ታጭቶ ነበር፤ ያን ሽልማት የወሰደው ግን ዘ ያንግአንስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

አንድ አልበም «በሃያስያን ተደነቀ» የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይነገርና ያልፋል። ከዚያ መስመር ጀርባ ግን ማን እንደደነቀው፣ በምን ሚዛን እንደመዘነው፣ አድናቆቱም ለሙዚቀኛው ምን እንደሚያስገኝ የሚወስን ውስብስብ አሠራር አለ። በፎክ ሙዚቃ ረገድ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም በብሪታንያ ፎክ የሚባለው ዘርፍ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያቅፋል። አንደኛው ደራሲያቸው ሳይታወቅ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩት የገጠርና የሠራተኛ መንደር ዘፈኖች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ በእነዚያ ስልት ዛሬ የሚደረሱት አዳዲስ ሥራዎች ናቸው። ሃያሲው አዲሱን ሥራ የሚመዝነው ከዘመኑ አልበሞች ጋር ብቻ ሳይሆን ለብዙ መቶ ዓመታት ከተዘፈኑት ጋር ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ለዓይን የሚቀርበውን መለኪያ እንመልከት። እንደ ጋርዲያንና ስኮትስማን ያሉ ጋዜጦች ለአንድ አልበም ከአምስት ኮከብ ይሰጣሉ፤ አንዳንድ የሙዚቃ መጽሔቶች ደግሞ ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ሜታክሪቲክ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ እነዚህን የተለያዩ መለኪያዎች ሰብስቦ ወደ መቶኛ ይቀይራቸዋል፤ ከዚያም ለአንዳንዶቹ የኅትመት ተቋማት ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ሰጥቶ አማካዩን ያወጣል። ቢያንስ አራት ግምገማዎች ያልተገኙለት አልበም ግን በዚያ ድረ ገጽ አማካይ ነጥብ አይሰጠውም። በትናንሽ አሳታሚዎች የሚወጡ ብዙ የፎክ አልበሞች ምንም ያህል ቢወደሱ በእንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ውስጥ የማይታዩት አንድም በዚህ የተነሳ ነው።

ኮከቦቹን ስናነብ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። በየሳምንቱ የሚወጣው አልበም እጅግ ብዙ ሲሆን ጋዜጣው ለሙዚቃ ግምገማ የሚመድበው ቦታ ግን ጥቂት ነው፤ ለፎክ የሚደርሰውም ከዚያች ጥቂት ላይ የምትቆረስ ነች። ስለዚህ አዘጋጁ ገና ከመነሻው ሊወደስ የሚገባው የመሰለውን ይመርጣል። አንድን ዝነኛ የፖፕ ኮከብ መንቀፍ ለአንባቢ ዜና ነው፤ ማንም ያልሰማውን የአንድ መንደር ዘፋኝ መንቀፍ ግን ማንንም አይጠቅምም ተብሎ ይታሰባል። ከዚህ የተነሳ በፎክ ገጾች ላይ አራት ኮከብ እንደ ተራ ነገር ይታያል፣ ሁለት ኮከብ ብርቅ ነው፤ ዝቅተኛው ነጥብ ደግሞ ዝምታ ነው። ስለዚህ አራት ኮከብ ማለት ከመቶ ሰማንያ ማለት ነው ብሎ የሚያሰላ አንባቢ ይሳሳታል። በዚያ ላይ የፎክ ዓለም ጠባብ ስለሆነ ሃያሲው፣ የበዓሉ አዘጋጅ፣ የሬዲዮ አቅራቢውና ዘፋኙ በየመድረኩ ይገናኛሉ፣ በስምም ይተዋወቃሉ። ይህን እንደ ሙስና ማየት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ትችትን ያለዝባል ማለት ግን እውነት ነው። እኔ በበኩሌ ከኮከቡ ቁጥር ይልቅ ሃያሲው ምን እንደሰማ የገለጸበትን ዓረፍተ ነገር እከተላለሁ፤ አልበሙን በእርግጥ እንዳዳመጠውና ከምን ጋር እንዳነጻጸረው የሚታወቀው እዚያ ነውና።

የፖልዋርት አልበም ከሌሎቹ የሚለየው ሦስት ዓይነት ሃያስያን በሦስት የተለያዩ ሚዛኖች ስለመዘኑት ነው። ሥራው የተጀመረው በቲያትርነት ነበር። «ዊንድ ሪዚስታንስ» በሚል ርዕስ በኦገስት 2016 በኤድንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ላይ ሲታይ፣ ፖልዋርት በሮያል ላይሲየም ቲያትር የልምምድ አዳራሽ ውስጥ ብቻዋን እየተረከችና እየዘፈነች ነበር ያቀረበችው። ዝግጅቱን የመራችው ዊልስ ዊልሰን ስትሆን፣ የድምፁን ዓለም የፈጠረችው ፒፓ መርፊ ነበረች። በ2017 የስኮትላንድ የቲያትር ሃያስያን ሽልማት ሁለቱ ሴቶች በሙዚቃና በድምፅ ዘርፍ አሸነፉ። አልበሙ በወጣ ጊዜ እንግዲህ የቲያትሩ ሰዎች ፍርድ ቀድሞ ተሰጥቷል፤ የሚቀረው የዕለታዊ ጋዜጦች የሙዚቃ ሃያስያንና የፎክ መጽሔቶች ፍርድ ነበር። እነርሱ የጠየቁት ጥያቄም ከቲያትሩ ጥያቄ የተለየ ነው፦ መድረኩ፣ መብራቱና የተዋናይቷ ፊት ሲወገድ የሚቀረው ድምፅ ብቻውን ይቆማል ወይ?

ምን እንደመዘኑ ለማየት አልበሙ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የታሪኩ ቦታ ከኤድንብራ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በሚድሎዝያን አውራጃ፣ ፖልዋርት ከምትኖርበት መንደር አቅራቢያ የሚገኘው ፋላ ፍሎው የተባለ ከፍታ ላይ ያለ ረግረግ ነው። እንዲህ ያለው ረግረግ ለሺህ ዓመታት በውኃ ውስጥ ሳይበሰብሱ የተደራረቡ ዕፅዋትን ይዞ ይኖራል፤ ከእነርሱ ዋነኛው ስፋግነም የተባለው እንደ ስፖንጅ ውኃ የሚመጠው ተክል ነው። ይህ ተክል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከስኮትላንድ ረግረጎች እየተለቀመ ለወታደሮች የቁስል መሸፈኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ፈሳሽ በብዛት ይመጥጣል፣ አሲድነቱም ለጀርሞች አይመችም። በየመስከረሙ ደግሞ እግራቸው ሮዝ የሆነ ዝዮች ከአይስላንድና ከግሪንላንድ ተነሥተው የብርዱን ወራት በብሪታንያ ለማሳለፍ ይመጣሉ፤ ፋላ ፍሎውም ከሚያድሩባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ በሕግ የተጠበቀ ነው።

የአልበሙ ርዕስ የነፋስን መቋቋም የሚያነሳው ስለ እነዚህ ዝዮች ነው። ዝዮች ረዥም መንገድ ሲበሩ የቀስት ጫፍ በሚመስል ሰልፍ ይሄዳሉ። የፊተኛዋ ወፍ ክንፍ ከጫፉ ወደ ላይ የሚነሣ አየር ይፈጥራል፤ ከኋላ ያለችው በዚያ ከፍ በሚያደርግ አየር ላይ ክንፏን ስታሳርፍ ጉልበቷን ትቆጥባለች። ፊተኛዋ ግን ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ትጋፈጣለች፤ ስለዚህ ሲደክማት ወደ ኋላ ትመለስና ሌላዋ ቦታዋን ትተካለች። ፖልዋርት ከዚህ ተነሥታ ወደ ሰው ትሄዳለች፤ አንዱ ሌላውን ከነፋስ የሚከልልበትን፣ ደካማው የሚደገፍበትን ሁኔታ በታሪክ እየፈለገች ታሳየናለች። በአሌክስ ፈርጉሰን አሠልጣኝነት በ1983 በስዊድኗ ጎተንበርግ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ያነሣውን የአበርዲን የእግር ኳስ ቡድንም ከዝዮቹ ሰልፍ ጎን ታስቀምጠዋለች።

ከረግረጉ ብዙም ሳይርቅ ሱትራ የተባለ ቦታ አለ። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳት እዚያ ሆስፒታል አቁመው ወደ ኤድንብራ በሚወስደው ዋና መንገድ የሚያልፉ መንገደኞችን፣ ድሆችንና ሕሙማንን ይቀበሉ ነበር። በአካባቢው የተደረገው ቁፋሮም ለሕክምና ያገለግሉ የነበሩ የዕፅዋት ቅሪቶችን አስገኝቷል። አልበሙ ከዚህ ሆስፒታል ተነሥቶ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያው አካባቢ ይኖሩ ወደነበሩ ባልና ሚስት ይሄዳል፤ ሚስቲቱ በወሊድ ምክንያት ሞታለች። ፖልዋርት የራሷንም የወሊድ ገጠመኝ ከጎኑ ታስቀምጣለች፤ ያቺ ሴት የሞተችበትና እርሷ የተረፈችበት ልዩነት ምን እንደሆነ አድማጩ ራሱ እንዲገነዘብ ትተወዋለች። ሳይሰበክ እንዲህ መነገሩ የአልበሙ ትልቁ ብርታት ይመስለኛል። ስለ ጤና አገልግሎትና ስለ ማኅበራዊ መደጋገፍ የተጻፉ ብዙ የተቃውሞ ዘፈኖች አሉ፤ ክርክሩን በአንድ ረግረግ፣ በአንዲት እናትና በወፎች በኩል አድርሶ አድማጩን ወደዚያ ቦታ የሚወስደው ግን ጥቂት ነው።

አቀራረቡም ለሃያስያን ፈታኝ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ዘፈን፣ ንባብ፣ ትረካና የተፈጥሮ ድምፅ ተቀላቅለው ይሄዳሉ፤ የወፎቹ ድምፅ ለማጀቢያ ብቻ የገባ ሳይሆን ከዜማው ጋር እየተነጋገረ የሚሄድ የቅንብሩ አካል ነው። አንድ ነጠላ ዜማ ቆርጦ ለሬዲዮ ማጫወት ለሚፈልግ ሰው ይህ አይመችም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጊዜ ማዳመጥን ይጠይቃል። ሙዚቃ በዘፈን በዘፈን ተቆራርጦ በስልክ በሚደመጥበት ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ማቅረብ ድፍረት ነው፤ አልበምን እንደ አንድ ሙሉ ሥራ የሚያከብሩት ሃያስያን ወደዚህ ሥራ ለማዘንበላቸውም አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፎክ መጽሔቶቹ ሚዛን እንሂድ፤ ከሦስቱ እጅግ ጥብቁ እርሱ ነውና። የስኮትላንድ የዘፈን ቅርስ በጽሑፍና በድምፅ በሚገባ የተሰበሰበ ነው። በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ድረስ 305 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጥንታዊ ተራኪ ዘፈኖችን ከነልዩ ልዩ ቅጂዎቻቸው አሳትሟል፤ እስከ ዛሬ ዘፋኞች አንዱን ዘፈን በቻይልድ ቁጥሩ ይጠሩታል። በ1951 ደግሞ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ ገጣሚው ሄሚሽ ሄንደርሰንና ባልደረቦቹ መቅረጫ ይዘው ወደ እርሻ ቤቶችና ወደ ተጓዥ ማኅበረሰቦች ድንኳን ሄዱ። በ1953 አበርዲን ውስጥ ያገኟት ጂኒ ሮበርትሰን፣ ከተጓዦቹ ወገን የተወለደች ሴት፣ በዚህ ምክንያት ከስኮትላንድ ታላላቅ ድምፆች አንዷ ሆና ታወቀች። እነዚህ ቅጂዎች ዛሬም ስለሚደመጡ፣ አዲስ ደራሲ የሚጽፈው ዘፈን ከእነርሱ ጎን ሲቀመጥ ደካማነቱ ወይም ጥንካሬው ወዲያው ይጋለጣል።

ለዚህ ነው በፎክ ሂስ ውስጥ ከሁሉ ከፍተኛው ምስጋና «ይህ ዘፈን ሁልጊዜ የነበረ ይመስላል» የሚለው የሆነው። ለፖፕ ሙዚቃ ሃያሲ አዲስነት ትልቅ ዋጋ አለው፤ የፎክ ሃያሲ ግን አዲሱ ዘፈን የደራሲውን ስም ረስተን ብንዘፍነው ይኖራል ወይስ ይሞታል ብሎ ይጠይቃል። ቃላቱ ጥቂት መሆናቸውን፣ ዜማው ያለ መሣሪያ ቢዘፈን መቆሙን፣ ታሪኩ ማብራሪያ ሳያስፈልገው መሄዱን ይመለከታል። የስኮትላንዱ ገጣሚ ሮበርት በርንስ ራሱ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጄምስ ጆንሰን ከ1787 እስከ 1803 በስድስት ጥራዝ ላሳተመው የስኮትላንድ ዘፈኖች ስብስብ አሮጌ ዘፈኖችን እየጠገነና እያሟላ፣ አዳዲስም እየጻፈ ብዙ አበርክቷል፤ ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ የት ላይ ከሕዝብ፣ የት ላይ ከበርንስ እንደሆኑ ለመለየት ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ፖልዋርት የምትጽፈው በዚህ ወግ ውስጥ ሆና ነው። በረግረጉ አልበም ውስጥ በርንስ ስለ መኸር ወቅትና ስለሚታደኑ ወፎች የጻፈውን ግጥም ከራሷ ሥራዎች ጋር አስገብታዋለች። ያን ግጥም ከእርሷ በፊት ስኮትላንዳዊው ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ዲክ ጎሃን በ1981 «ሃንድፉል ኦቭ ኧርዝ» በተሰኘው አልበሙ ዘፍኖት ነበር፤ ፎክ ሩትስ የተባለው መጽሔትም ያንን አልበም ኋላ የ1980ዎቹ ምርጥ አልበም ብሎታል። ስለዚህ የፎክ ሃያሲ የፖልዋርትን ድምፅ ሲሰማ ከኋላው ጎሃንን ይሰማል፣ ከጎሃን ኋላ በርንስን። በዚህ ሁሉ መሐል ያልተዋጠ አዲስ ሥራ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚከብድ ካልተረዳን አድናቆቱን አንረዳውም።

የቋንቋም ነገር አለ። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የስኮትላንድ ነዋሪዎች ስኮትስ የተባለውን ቋንቋ እንደሚናገሩ ገልጸዋል፤ ሌላውን የስኮትላንድ ቋንቋ ጌሊክን የሚናገሩት ግን ወደ 57 ሺህ ገደማ ነበሩ። አንድ ዘፋኝ በስኮትስ፣ በጌሊክ ወይም በእንግሊዝኛ መዝፈኑ ምን ዓይነት ሃያሲ እንደሚገመግመው ጭምር ይወስናል። ፖልዋርት ስኮትስንና እንግሊዝኛን እያፈራረቀች ስለምትዘፍን ከለንደን ጋዜጦችም ከስኮትላንድ መጽሔቶችም ዘንድ ትደርሳለች፤ በጌሊክ ብቻ የሚዘፍኑት እኩል ችሎታ ይዘው ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥማቸውም።

ፖልዋርት እዚህ የደረሰችው በድንገት አይደለም። በ1970 በስተርሊንግሻየር ባንክኖክ በተባለ ትንሽ መንደር ተወልዳ፣ ፖለቲካና ፍልስፍና ተምራ፣ ሙሉ ጊዜዋን ለሙዚቃ ከመስጠቷ በፊት በቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደርስባቸው ሴቶች በሚቆም የስኮትላንድ ድርጅት ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች። ማሊንኪ በተባለው ቡድን ውስጥ ጥንታዊ ተራኪ ዘፈኖችን ስትዘፍን ቆይታ፣ «ፎልትላይንስ» የተሰኘው የመጀመሪያ የግል አልበሟ በ2005 በቢቢሲ የፎክ ሽልማት ሦስት ዘርፎችን አሸነፈላት፦ ምርጥ አልበም፣ ምርጥ አዲስ ዘፈንና ተስፋ የተጣለበት ጀማሪ። በ2012 «ትሬስስ» በተሰኘው አልበሟ ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ በአበርዲንሻየር የባሕር ዳርቻ የአሸዋ ኮረብታዎች ላይ ስላሠራው የጎልፍ ሜዳ ዘፈነች። የተጎዱትን በማዳመጥ ያሳለፈቻቸው ዓመታት በዘፈኖቿ ውስጥ ይሰማሉ ብዬ አምናለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው ስቃይ ስትዘፍን ስቃዩን የራሷ አታደርገውም፣ አታስጌጠውምም።

ሽልማቶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2000 የተጀመረው የቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ ሽልማት አሸናፊዎቹን በአብዛኛው የሚመርጠው ከመቶ በላይ በሆኑ የሬዲዮ ሰዎች፣ ጋዜጠኞችና የበዓል አዘጋጆች ድምፅ ነበር፤ ስለዚህ የሙያተኞች ፍርድ ነው። በ2003 የተመሠረተው የስኮትላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ሽልማት በሕዝብ ድምፅ ላይ ይመካል፤ የአድማጭ ፍቅር ይታይበታል፣ ብዙ ደጋፊ ያለውም ይጠቀማል። በ2012 የተጀመረው የስኮትላንድ የዓመቱ አልበም ሽልማት ዘርፍ ሳይለይ ሮኩንም ራፑንም ፎኩንም አንድ ላይ ያወዳድራል፤ ለአሸናፊውም 20 ሺህ ፓውንድ ይሰጥ ነበር። በ2015 ያሸነፈችው ካትሪን ጆሴፍ የመጀመሪያ አልበሟን ገና ያወጣች፣ ከስኮትላንድ ውጭ ብዙም የማትታወቅ ዘፋኝ ነበረች። ለብዙ ዓመታት በለንደን ሲካሄድ የቆየው የመርኩሪ ሽልማት ደግሞ ከአሥራ ሁለት ዕጩዎች መካከል ብዙ ጊዜ ለፎክ አንድ ቦታ ያህል ይተዋል። በ2011 ያን ቦታ ያገኘው ኪንግ ክሪየሶት በሚል ስም የሚታወቀው የስኮትላንዷ ፋይፍ ተወላጅ ኬኒ አንደርሰን ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛው ከጆን ሆፕኪንስ ጋር የሠራው «ዳይመንድ ማይን» ነበር። አንደርሰን ከዚያ በፊት በአብዛኛው በራሱ እጅ እያባዛ ከአርባ በላይ አልበሞችን አውጥቷል፤ ለብዙ የለንደን ሃያስያን ግን እንደ አዲስ ግኝት ነበር። አድናቆት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሥራው መቼ እንደተሠራ ሳይሆን ሃያሲው መቼ እንዳየው ነው፤ ይህን የጻፍኩት ሃያስያንን ለመክሰስ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ለሃያ ዓመት ሳይታይ የሚሠራው ሰው እንዲታሰብ ነው እንጂ።

አድናቆቱ ገንዘብ ያመጣል ወይ? በቀጥታ ብዙም አያመጣም። የፖልዋርትን አልበም ያሳተመው ሃድሰን ሬኮርድስ የተባለ አነስተኛ ተቋም ነው፤ እንዲህ ያሉ አሳታሚዎች ለማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ የላቸውም፣ ሲዲና ሸክላ የሚሸጡትም በአብዛኛው ከመድረክ በኋላ በአዳራሹ በር ላይ ነው። በኢንተርኔት አንድ ጊዜ የሚደመጥ ዘፈን የሚያስገኘው የሳንቲም ክፍልፋይ ብቻ ነው። አድናቆቱ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የበዓል አዘጋጁ ትልቁን አዳራሽ ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን ግምገማዎቹን ያያል፤ ክሪየቲቭ ስኮትላንድን ለመሰለ የሕዝብ ገንዘብ የሚያከፋፍል ተቋም የሚቀርብ ማመልከቻ ላይ የሃያስያን ቃል ይጠቀሳል፤ የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅም ፎክ ዘፋኝ ለሁለት ሳምንት መድረክ ብትይዝ አዳራሹ ይሞላል ወይ ለሚለው ሥጋቱ መልስ ያገኛል። ፖልዋርት ከዚያ በኋላ በ2018 «ሎውስ ኦቭ ሞሽን» የተሰኘውን አልበም፣ በ2019 ደግሞ የስኮትላንድን የፖፕ ዘፈኖች በራሷ አቀራረብ የተጫወተችበትን አልበም፣ በ2021 ከፒያኖ ተጫዋቹ ከዴቭ ሚሊገን ጋር ብቻ የሠራችውን እጅግ የቀለለ አልበም በተከታታይ ማውጣት ችላለች። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሃያስያን አንድ ጊዜ ካመኑባት በኋላ አቅጣጫ የመቀየር ነፃነት እንዳገኘች ከዚህ ይታያል።

የሚያሳስበኝ ግን ይህን አድናቆት የሚሰጡት ቦታዎች መመናመናቸው ነው። ፎክ ሩትስ የነበረውና ስሙን ኋላ ያሳጠረው መጽሔት ለአርባ ዓመት ከቆየ በኋላ በ2019 ኅትመቱን አቆመ። የቢቢሲ ሬዲዮ 2 የፎክ ሽልማት ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ማንቸስተር ላይ ነው። በስኮትላንድ ይዘጋጅ የነበረው ሊቪንግ ትራዲሽን መጽሔትም በ2022 ተቋረጠ። ሶንግላይንስ መጽሔት አሁንም ይወጣል፤ የስኮትላንዱ የአልበም ሽልማትና የባህላዊ ሙዚቃው ሽልማትም ቀጥለዋል፤ ሆኖም አንድን አዲስ ዘፈን ከቻይልድ 305 ዘፈኖች፣ ከጂኒ ሮበርትሰን ድምፅና ከጎሃን ጊታር ጎን አስቀምጦ በገጽ ሙሉ ጽሑፍ የሚመዝን ሰው የሚጽፍበት ቦታ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ያነሰ ነው። በ2005 ፖልዋርት የመጀመሪያ አልበሟን ይዛ ስትመጣ ሦስት ሽልማት የሰጣት መድረክ፣ ዛሬ የመጀመሪያ አልበሙን ይዞ ለሚመጣ ወጣት የስኮትላንድ ዘፋኝ የለም።